ስለ ዋግ በሽታና ስለ ላስታ ደጋ የእህል ዘር

አገር የሚጸናው በሕግና በሠራዊት ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ ሕዝቡ የሚበላው እህል ሲኖረው ነው። የእህል ጠላቶች ብዙዎች ናቸው። አንበጣ ሲመጣ በዐይን ይታያል፥ ውርጭም ማለዳ ይታወቃል፤ ዋግ ግን ከትቢያ የደቀቀ ብናኝ ሆኖ በነፋስ ስለሚመጣ፥ ገበሬው መድረሱን የሚያውቀው ቅጠሉ ከታመመ በኋላ ነው። ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን በቀደሰ ጊዜ በጸለየው ጸሎት ዋግንና አረማሞን ከራብና ከቸነፈር ጋራ አብሮ መቍጠሩን መጻሕፍትን የተማሩ ሁሉ ያስታውሳሉ።

ዋግ ፈንገስ ከሚባለው ከሻጋታ ወገን የሆነ ደቃቅ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ብናኙ በጤዛ በረጠበ ቅጠል ላይ ባረፈ ጊዜ ሥር የመሰለ ክሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ የተክሉን ምግብ ይመጠምጣል። ሁለት ሳምንት ያህል ሲሆነው ቅጠሉን ቀድዶ ይወጣና ዱቄት የመሰለ አዲስ ብናኝ ይበትናል፤ ያም በነፋስ ተጭኖ ከአውራጃ ወደ አውራጃ፥ ከመንግሥት ወደ መንግሥት ይሻገራል። ቢጫ ዋግ ብርድና እርጥበት ስለሚወድድ የደጋው ስንዴ ዋና ጠላት ነው። የግንድ ዋግ ግን ሞቅ ያለውን አየር ይመርጣል፤ አገዳውንም አድክሞ አዝመራውን መሬት ላይ ይጥለዋል።

የዋግ የማጥቃት ኀይል ሁልጊዜ አንድ ሆኖ የሚኖር አይደለም። አንድ የስንዴ ዘር ዋግን የሚከለክልበት ኀይል እንደ ቤት መዝጊያ ነው፤ ዋግም እየተለወጠ ለዚያ መዝጊያ የሚሆን መክፈቻ ያገኘ ቀን ያን ዘር የዘራው ገበሬ ሁሉ በአንድነት ይጠቃል። ይህም በአገራችን በተደጋጋሚ ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻና በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን፥ በብዙ አገር ተዘርቶ የነበረውን ስንዴ አጠፋ። ከዚህ በኋላ ቢጫውን ዋግ የሚችል፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. በኡጋንዳ የተገኘውንና በዓለም ሁሉ ያስፈራውን የግንድ ዋግም የሚቋቋም ነው ተብሎ ዲገሉ የተባለው ስንዴ ተስፋፋ። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. ከኡጋንዳው የተለየ ሌላ የግንድ ዋግ ወገን ተነሥቶ በአርሲና በባሌ የዲገሉን አዝመራ አወደመው። እንግዲህ ስሕተቱ ዘሩ ክፉ መሆኑ አልነበረም፤ ሁሉም በአንድ ዘር መታመኑ ነበር።

ሊቃውንት አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኙ፤ ይኸውም ፈንገስም እንደ ሰውና እንደ ከብት በቫይረስ የሚታመም መሆኑ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የታየ አንድ ፈንገስ፥ ኢጣልያኖች ካስታኛ የሚሉትን ፍሬው የሚበላ ዛፍ በአሜሪካ በሺህ ሚሊዮን ቍጥር አደረቀው። በ1938 ዓ.ም. ደግሞ በኢጣልያ አገር በጄኖቫ አጠገብ ተገኘ። ነገር ግን በ1951 ዓ.ም. ቢራጊ የተባለ ኢጣልያዊ ሊቅ አንዳንድ የታመሙ ዛፎች ቍስላቸው እየሻረ መዳናቸውን አስተዋለ። ኋላም ግራንት የተባለ ፈረንሳዊ ከእነዚያ ዛፎች የተወሰደው ፈንገስ የማጥቃት ኀይሉ የደከመ መሆኑን፥ ድካሙንም ወደ ጤነኛው ፈንገስ እንደሚያስተላልፍ አስረዳ። ምክንያቱ ቫይረስ መሆኑ በኋላ ተገለጠ። እሾህ በእሾህ ይወጣል እንደ ተባለው፥ በሽታው ራሱ ታምሞ ዛፉ ዳነ።

ይህ መድኀኒት በአውሮጳ ሲረዳ በአሜሪካ ግን እንደ ታሰበው አልሠራም። ቫይረሱ ከአንዱ ፈንገስ ወደ ሌላው የሚተላለፈው የሁለቱ ክሮች ሲጋጠሙ ነው፤ የሚጋጠሙትም ወገናቸው የተስማማ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በአውሮጳ የፈንገሱ ወገን ጥቂት ስለ ነበረ ቫይረሱ በቀላሉ ተዛመተ፤ በአሜሪካ ወገኑ ብዙ ስለ ሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ተሳነው። በዋግ ውስጥም ቫይረሶች ተገኝተዋል፤ ሆኖም ፈንገስን የሚያሳምም ቫይረስ ሁሉ ኀይሉን ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ምንም አያደርጉትም፤ ለገበሬ ማሳ የሚሆን መድኀኒትም ከዚህ ገና አልወጣም።

ነገር ግን ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለላስታ ገበሬ ከመድኀኒቱ አያንስም። ፈንገሱ ከቫይረስ የዳነው ወገኑ ብዙ በመሆኑ ነው፤ እህልም ከፈንገስ የሚድነው በዚሁ መንገድ ነው። ከ4200 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጐንና ግርጌ፥ ገበሬው ከአባቶቹ የተቀበለው ገብስና ስንዴ በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ ቁመቱም መልኩም የማይመሳሰል ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ዝብርቅርቅ ይመስለዋል፤ ዋግ አንዱን ቢያጠቃ ግን ሌላው ይተርፋል። በሰሜኑ ደጋ ገብስና ስንዴ አደባልቆ መዝራት፥ በትግራይም ሓንፈጽ የሚባለው፥ ከዚሁ ጥበብ የሚቈጠር ነው።

የዚህን ሀብት ዋጋ የውጭ ሰዎች አስቀድመው ዐውቀውታል። ቫቪሎቭ የተባለው የሩስያ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1927 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የእህሉን ዐይነት ብዛት አደነቀ። ጀርመኖች በ1937 እና በ1938 ዓ.ም. ከሰበሰቡት የኢትዮጵያ ገብስ፥ ቅጠልን በነጭ ዱቄት የሚሸፍነውን የፈንገስ በሽታ የሚከለክል ኀይል ተገኝቶ የአውሮጳን ገብስ እስከ ዛሬ ይጠብቃል። በካሊፎርኒያም ገብስን አቀጭጮ የሚያቢጨውን ቫይረስ የሚቋቋም ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። በ1976 ዓ.ም. በዚሁ አቈጣጠር በአዲስ አበባ የዘር ማኖሪያ ተቋቁሞ፥ በኋላም በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት የገበሬው ዘር በገበሬው ማሳ እንዲጠበቅ ብዙ ተደክሟል።

ይህን ማለት ምርጥ ዘር አይዘራ ማለት አይደለም፤ የሕዝቡ ቍጥር በዝቷል፥ መሬቱም ጠብቧል፤ ብዙ የሚያፈራ ዘር ያስፈልጋል። ነገር ግን አንድ ወረዳ በሙሉ በአንድ ዘር እንዲሸፈን የሚያዝዝ ሹም፥ ለዋግ አንድ በር ከፍቶ እንደ ሰጠው ይወቅ። የአዲሱ ዘር ዐይነት ከሁለትና ከሦስት አይነስ፤ የአገሩም ዘር ከጐተራው አይጥፋ። የእርሻ ሠራተኛው በቅጠል ላይ ቢጫ ወይም ቀይ ዱቄት ያየ እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ለሲሪንቃ የምርምር ማዕከል ያስታውቅ፤ የዋግን ወገን መለየት የአምቦ ሊቃውንት ሥራ ነውና ናሙናው ወደዚያ ይድረስ። መርጨትም ቢያስፈልግ የሚጠቅመው በሽታው ሳይስፋፋ ነው።

የካህናትም ድርሻ ትንሽ አይደለም። ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ የሚነገረውን በእምነት ይሰማል፤ ዋግ የመጣበት ገበሬ ጸሎቱን ሳይተው በሽታውን ወዲያው እንዲናገር ቢመከር የጎረቤቱ ማሳ ይድናል። ለመገበሪያ የሚቀርበውም ስንዴ ከዚሁ ማሳ የሚመጣ ነው፤ ማሳው ከታመመ ቤተ ልሔሙም ይጐድላል።

የላሊበላ ሰዎች ከዐለት ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ጠርበው ለልጅ ልጅ አቈይተዋል፤ ዓለምም መጥቶ ያያቸዋል። በየጐተራው ያለው የገብስና የስንዴ ዘር ግን የሚያየው ሳይኖር እንዲሁ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ዐለቱ ቢሰነጠቅ ሊጠገን ይችላል፤ የጠፋ ዘር ግን አይመለስም። ስለዚህ ሹሙም ካህኑም ገበሬውም ይህን አደራ አብረው ሊጠብቁ ይገባል።