ባሌስትራ ወይስ የማይዝገው? ለገጀራና ለመስክ ቢላ ብረት ስንመርጥ

ለመስክ ሥራ ቢላ ወይም ገጀራ ልትገዙ ከሆነ ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ከአሮጌ የአይሱዙ ባሌስትራ የተቀጠቀጠው ጥቁሩና መልከ ጥፉው ቢላ፣ በላስቲክ ታሽጎ ከሚሸጠው ከሚያብረቀርቀው ይበልጣል። መራዊ ገበያ ላይ ግን የብዙ ሰው እጅ የሚዘረጋው ወደሚያብረቀርቀው ነው።

መሠረቱ አጭር ነው። ብረት ስለት የሚይዘው በውስጡ ባለው ካርቦን ነው። የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ ከመቶ 0.2 ወይም 0.3 ገደማ ስለሆነ ለስለት የሚበቃ ድርቀት አያገኝም። የመኪና ባሌስትራ 0.6 ገደማ አለው፤ ኩሽኔታ 1፣ ጥሩ ሞረድ ደግሞ ከ1 ያልፋል። የማይዝገው ብረት ቢያንስ 10.5 ከመቶ ክሮሚየም ያለበት ነው፤ ሸፊልድ ውስጥ ሃሪ ብሪርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ካቀለጠው ወዲህ ነው ወደ ማዕድ ቤት የገባው።

የካርቦኑን ቁጥር ያየ ሁሉ «እንግዲያው ሞረዱ ይበልጣላ!» ይላል። አይበልጥም። ድርቀትና ቻይነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ስትጨምሩ ሌላው ይቀንሳል። ከሞረድ የተሠራ ቢላ ሥጋ ለመበለት፣ ቆዳ ለመቁረጥ ግሩም ነው። መራዊ ዙሪያ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ ባሕር ዛፍ መመልመል፣ የበቆሎ አገዳ መቁረጥ፣ አጥር ማጠር፣ በቆጋ መስኖ ቦይ ዳር የበቀለውን ቁጥቋጦ መመንጠር። ሞረዱ የባሕር ዛፍ ጉጥ ሲያገኘው ጥርሱ ይረግፋል። ባሌስትራ ግን ከመጀመሪያውም የታሰበው ጭነት ተሸክሞ፣ በየጉድጓዱ እየጎበጠ እንዲመለስ ነው። ከአዲስ አበባ በመራዊ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ከባድ መኪና ስለማይለየው የተሰበረ ባሌስትራ አይጠፋም፤ ቁራሌው ይሰበስበዋል፣ ባለእጁ ይገዛዋል።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። «የባሌስትራ ነው» ከተባለ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። አንዳንዱም ባሌስትራውን በግራይንደር ቆርጦ፣ ጠርዙን ስሎ «ቢላ ሠራሁ» ይላል። ባሌስትራ መኪና ላይ እያለ ድርቀቱ በሮክዌል መለኪያ 45 ገደማ ነው። ለገጀራ ይህ ያዘልቃል። ቢላ ግን ከ55 በላይ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ በእሳት እንጂ በመሳል አይመጣም።

ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው የሚለውን ልጅ አዋቂው ይናገረዋል። ስለ ማቀዝቀዙ ግን የሰማሁት ተረት የለም፤ ቢላን ቢላ የሚያደርገው ያ ሆኖ ሳለ! መራዊ ገበያ ዳር አንድ ሽማግሌ ባለእጅ አሉ፤ ከወናፋቸው አጠገብ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በሽቦ አንጠልጥለዋል። የጋለውን ቢላ በጉጠት ይዘው ወደ ማግኔቱ ያስጠጉታል። ከሳበው ወደ ከሰሉ ይመልሱታል። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ይተዋል፤ ከዚያ ትንሽ ጨመር አድርጎ፣ ከጫፍ እስከ እጀታ እኩል ማጋል ነው። ከዚያ ወዲያው ወደ ተቃጠለ የሞተር ዘይት። ውሃ ለምን አይሆንም? በጣም ስለሚፈጥን። ባሌስትራ በውሃ ሲነከር ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ ያን ቀን ላይታይ ይችላል።

ከዘይት የወጣው ቢላ ሞረድ አይነካውም። ለጥቅም ግን ገና ነው፤ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ እንደ ብርጭቆ ነው። ሽማግሌው ጎኑን በድንጋይ ፈግፍገው እስኪነጣ ያጸዱትና ከፍም ራቅ አድርገው በቀስታ ያሞቁታል። የነጣው ብረት ላይ መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይመጣል፤ ይህ 220 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ። ቢላ ከሆነ ገለባው ላይ ያቆሙታል፤ ምት የሚበዛበት ገጀራ ከሆነ እስከ ሰማያዊው ይፈቅዱለታል። «አያ፣ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ለምን አይሰጡትም?» አልኳቸው። «ልጄ፣ አሁን ብሰጠው ነገ ግማሹን ይዞ ይመጣል» አሉኝ።

ማግኔትን ካነሳን አይቀር፣ ሱቅ ውስጥ የሚሠራውን ግፍ ልናገር። ነጋዴው ማግኔት ያስጠጋና «አየህ፣ አልሳበውም፣ ኦሪጅናል የማይዝግ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ አይዝግም። ግን ማግኔት የማይስበው ዓይነት የማንኪያና የድስት ብረት ነው፤ 18 ከመቶ ክሮሚየምና 8 ከመቶ ኒኬል ያለበት። በእሳት ብታግሉት፣ ብትነክሩት አይደርቅም። ለስለት የሚሆነውን የማይዝግ ብረት ማግኔት በደንብ ይስበዋል። እናም ገዢው «ፈትኜ ገዛሁ» እያለ የወደቀውን ይዞ ይሄዳል። የሚሻለው ፈተና ግራይንደር ላይ ነው፤ ካርቦን የጠገበ ብረት ብልጭታው ቅርንጫፍ እያወጣ ይፈነዳል፣ የፌሮ ቀጥ ብሎ ይረዝማል፣ የማይዝገው አጭርና ቀላ ያለ ነው።

የማይዝገውም ቦታ አለው። ጣና ዳር ቀረሶና አምባዛ የሚበልት ሰው እጁ ቀኑን ሙሉ ከውሃ አይወጣም፤ እሱ ባሌስትራ ይግዛ አልልም። ሎሚና ቲማቲም የሚቆርጥም እንዲሁ። ገበሬው ግን ቢላውን ጠርጎ ዘይት ወይም ሞራ ቢቀባው ዝገቱ ላይ ላዩን ይቀራል።

የተጠቃሚው ጥፋትስ? በግራይንደር «ላስልልህ» የሚላችሁን ሁሉ አትመኑ። የቢላው ጠርዝ ሰማያዊ ከሆነ ባለእጁ የሰጠው ድርቀት እዚያው ሄዷል፤ በድንጋይና በውሃ ሳሉት። በገጀራ ጉድጓድ አትቆፍሩ። ቢላ ፍም ውስጥ ከትታችሁ ሥጋ አታገላብጡ። ደግሞ ባለእጁን በዋጋ አታድርቁት። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን መሳደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ግን ዛሬም ሱቅ ገብተን የተጠየቅነውን ከፍለን እንወጣለን፣ ወናፉ ዘንድ ስንደርስ በአሥር ብር እንከራከራለን።

ስትገዙ ቢላውን ወደ ብርሃን አዙሩና ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ፈልጉ፤ ብዙ የጎበጠ አሮጌ ባሌስትራ ስንጥቁን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ባለእጁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በምን ነከሩት? መልሰውስ አሙቀውታል? መልስ ካጣችሁ ወደሚቀጥለው መደብ እለፉ።