አረጋውያንን ከገበሬው ጋር የሚያገናኝ ኩፖን

በአሜሪካ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ አረጋውያን ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ከራሱ ከአምራቹ ገበሬ እጅ እንዲገዙ በየዓመቱ ኩፖን የሚሰጥ የፌዴራል ፕሮግራም አለ። በጀቱ የሚመጣው ከግብርና ሚኒስቴር ነው። ሥራውን የሚያካሂዱት ክፍላተ ግዛቶችና የቀደምት አሜሪካውያን የጎሣ አስተዳደሮች ሲሆኑ፣ ኩፖኑ አረጋውያኑ እጅ የሚገባው በአብዛኛው በየአካባቢው ባሉ የአረጋውያን አገልግሎት መስጫዎች በኩል ነው።

የሐሳቡ መነሻ ማሳቹሴትስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980፣ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለዱት ጋስ ሹማከር፣ ወንድማቸው ምርቱን በሚሸጥበት በቦስተን የዶርቼስተር ገበያ ሲያግዙ ውለው ዕቃ በመጫን ላይ ሳሉ አንድ ሣጥን ፒር ተገልብጦ መሬት ላይ ተበተነ። አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር ቀረብ ብላ የወደቀውን ፍራፍሬ ትለቅም ጀመር። ሲያነጋግሯት በፉድ ስታምፕ፣ ማለትም በመንግሥት የምግብ መግዣ ድጎማ፣ እንደምትኖርና ፍራፍሬ ለመግዛት አቅሟ እንደማይፈቅድ ነገረቻቸው። ሹማከር ኋላ የማሳቹሴትስ የግብርና ኮሚሽነር ሆኑ፤ በ1986ም በግዛቱ የገበሬ ገበያ ኩፖን ተጀመረ። በ1992 ኮንግረስ ይህንኑ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለእናቶችና ለሕፃናት አገር አቀፍ ፕሮግራም አደረገው። ለአረጋውያን ተራው የደረሰው ዘግይቶ፣ በ2001 ነው፤ ያውም በሙከራ መልክ።

ሙከራው ቋሚ የሆነው በ2002 በወጣው የእርሻ ሕግ ነበር፤ በጀቱም በዓመት 15 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የ2008ቱ ሕግ ወደ 20.6 ሚሊዮን ከፍ አድርጎታል። ዕርዳታው በእርሻ ሕግ ውስጥ መደንገጉ ያለ ምክንያት አይደለም። ሕጉ የሚያስበው ለአረጋውያኑ ማዕድ ብቻ ሳይሆን ለአነስተኛ ገበሬዎች ገቢም ጭምር ነው፤ ግር የሚያሰኙት የፕሮግራሙ ደንቦች ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ። ለምሳሌ ኩፖኑ በሱፐርማርኬት አይሠራም። የሚያገለግለው ፈቃድ ባላቸው የገበሬዎች ገበያዎች፣ በመንገድ ዳር የገበሬ መሸጫዎች፣ እንዲሁም ደንበኞች አስቀድመው ከፍለው በየሳምንቱ ድርሻቸውን ከእርሻው በሚወስዱበት አሠራር ነው። ሌሎች ያመረቱትን ብቻ እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴ በፕሮግራሙ መሳተፍ አይችልም።

የሚገዛው ዕቃም እንዲሁ የተወሰነ ነው፦ በአካባቢው የበቀለ፣ ትኩስና ያልተዘጋጀ አትክልት፣ ፍራፍሬና ለምግብ ማጣፈጫ የሚሆን ቅጠል። ማር በ2008 ተጨምሯል። እንቁላል፣ አይብ፣ ሥጋ፣ ዳቦ፣ ለውዝና የደረቀ ፍራፍሬ አይፈቀዱም፤ የደረቀ ጥራጥሬም እንዲሁ። ለአንድ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያዊ አረጋዊ ይህ ማለት ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ ሽንኩርቱ፣ ቀይ ሥሩ፣ ፎሶሊያውና በሶብላው በኩፖን ይገዛሉ፤ የፆሙ ምስርና ሽሮ ግን ከኪስ ይወጣሉ ማለት ነው። ለጤና ከማንም የማያንሰው ምስር መቅረቱ በሥነ ምግብ ዐይን ሲታይ አሳማኝ አይደለም። ምክንያቱ የሚገባው ፕሮግራሙ የትኩስ ምርት ገበያን ለማሳደግ ጭምር የቆመ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ነው።

ኩፖኑን ለማግኘት ዕድሜ 60 የሞላ፣ የቤተሰቡም ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት ወለል 185 በመቶ ያልበለጠ መሆን አለበት። በ2024 ይህ ጣሪያ ብቻውን ለሚኖር ሰው በአብዛኞቹ ክፍላተ ግዛቶች በዓመት 27,861 ዶላር ነበር። ኩፖኑ እንደ ገቢ ስለማይቆጠር፣ ቢቀበሉት ሌላው ድጎማ ይቀነስብኛል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። ይህ ስጋት ብዙዎችን ከማመልከት ስለሚያስቀር ደግሞ ደጋግሞ መናገሩ አይከፋም።

መጠኑን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም፤ ትንሽ ነው። የፌዴራሉ ደንብ ለአንድ ተጠቃሚ በዓመት ከ20 ዶላር ያላነሰ፣ ከ50 ዶላር ያልበለጠ ይላል። ይህ የሁለት ወይም የሦስት ገበያ ቀን ወጪ ቢሆን ነው። በዚያ ላይ በጀቱ የተወሰነ በመሆኑ በብዙ ቦታ የሚታደለው ቀድሞ ለመጣ ነው። ኩፖኑን ጨርሰው ፉድ ስታምፕ ያላቸው አረጋውያን ግን ሌላ በር አላቸው፦ በርካታ ገበያዎች በፉድ ስታምፕ አትክልትና ፍራፍሬ ለሚገዛ ሰው ተጨማሪ የመግዣ ገንዘብ ይሰጣሉ። ይህን መሰሉን ማበረታቻ የሚደግፈው የፌዴራል ፕሮግራም ከ2018ቱ የእርሻ ሕግ ወዲህ በሹማከር ስም ይጠራል፤ እርሳቸው ያረፉት በ2017 ነው።

ከገንዘቡ ማነስ በላይ የሚያስቸግረው ገበያው ድረስ መሄዱ ነው። የገበሬ ገበያ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ይቆማል። ጉልበቱን የሚያመው ወይም መኪና የማይነዳ አረጋዊ ይህን ሰዓት በቀላሉ አይደርስበትም። ስለዚህ ብዙ ክፍላተ ግዛቶች አረጋዊው የሚወክሉት ሰው፣ ለምሳሌ ልጅ ወይም ጎረቤት፣ በስማቸው እንዲገዛላቸው ይፈቅዳሉ። ተወካዩ ሻጩ ፈቃድ ያለው መሆኑን አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል። በወረቀት ኩፖን ሲገዛም ሒሳቡን ማሟላት ይሻላል፤ መልስ በጥሬ ገንዘብ አይሰጥም። የግብይቱ ወቅት ሲዘጋ በእጅ የቀረ ኩፖን ዋጋ ያጣል፤ ለከርሞም አይተላለፍም።