የድንች ዘር ማከማቻ ጎኑ ወዴት ይሁን?

(በብቸናና በሞጣ አካባቢ ለሚገኙ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች)

የድንች ዘር ብርሃን ይፈልጋል፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን ይጎዳዋል። በጨለማ ቤት የቆየ ዘር ረጅም፣ ነጭና በቀላሉ የሚሰበር ጉንቁል ያወጣል። ፀሐይ የመታው ደግሞ ይሞቅና ይጨማደዳል። በብትን ብርሃን የቆየው አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ጉንቁል ይዞ ለተከላ ይደርሳል። ስለዚህ ጎኑ ክፍት የሆነ ማከማቻ ስንሠራ አስቀድመን የፀሐይን መንገድ ማወቅ አለብን።

የፀሐይ መንገድ

ብቸና ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል፣ ሞጣ 11 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሚገኙ አንዱ ምክር ለሁለቱም ይሠራል። ታኅሣሥ 12 ገደማ ፀሐይ በቀትር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከአድማስ ያላት ከፍታም 56 ዲግሪ ያህል ነው። ሚያዝያ 10 ገደማ በቀትር አናት ላይ ትሆናለች። ከዚያ እስከ ነሐሴ 19 ገደማ በቀትር በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ሰኔ 14 ከፍታዋ 77 ዲግሪ ያህል ነው። ከመኸር የተቆፈረ ዘር በማከማቻ የሚቆየው በአብዛኛው በበጋ ስለሆነ ይበልጥ የሚያሰጋው የደቡቡ ጎን ነው።

አሠራር

1. የማከማቻው ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን። ጧትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል የጣራ ጥላ አይበቃም። ስለዚህ ሁለቱ ጠባብ ጎኖች በጭቃ ወይም በሣር ይዘጉ።

2. በደቡብ በኩል የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል አልፎ ይውጣ። ይህም በታኅሣሥ ቀትር ከጠርዙ በታች 1 ሜትር ተኩል ያህል ያጠላል። በሰሜን በኩል በሰኔ ቀትር ለዚያው ቁመት 35 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ለዝናብ መከላከያ ግን ቢረዝም ይሻላል።

3. በታኅሣሥ ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ የደቡቡ ጥላ ወደ 1 ሜትር ከ10 ያጥራል። ስለዚህ ከታችኛው ቆጥ ፊት ነፋስ የሚያሳልፍ የሸንበቆ መከለያ እንዲደረግ እንመክራለን።

ምሥራቅና ምዕራብን ለመለየት

በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉ። ረፋድ ላይ የጥላውን ጫፍ በድንጋይ ምልክት አድርጉና ርዝመቱን በገመድ ለኩ። ከቀትር በኋላ ጥላው ያንኑ ያህል ሲረዝም ሁለተኛ ድንጋይ አኑሩ። ሁለቱን ድንጋዮች የሚያገናኘው መስመር የማከማቻው ርዝመት የሚያርፍበት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በብርሃን የቆየና አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዛማነት ስላለው ለዘር እንጂ ለምግብ አይሆንም፤ ለከብትም አይሰጥ።