«ከእንግዲህ አይበላሽም»፦ ስለ ብሪጅ ጥርስ የሚወራውና እውነቱ

ጥርሱ ጎድሎበት ብሪጅ ሊያሠራ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለሚገባለት ጥርስ ነው። ከምን ይሠራል? ቀለሙ ይመሳሰላል ወይ? ዋጋውስ? ስለ ግራና ቀኙ ጥርሶች የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ስለ ብሪጅ ከሚወራው ስሕተት አብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በጎደለው ቦታ የሚቀመጠው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሥር የለውም፤ ከአጥንትም ጋር አይገናኝም፤ ድዱን ነካ አድርጎ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ሸክሙን የሚችሉለት ግራና ቀኝ ያሉት የሰውየው የገዛ ጥርሶች ናቸው። እነሱ ተሞርደው ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ልባስ፣ ይለብሳሉ፤ ሦስቱም የተያያዘ አንድ ሥራ ሆነው በሲሚንቶ ይጣበቃሉ። ተሸካሚዎቹ ደህና ከሆኑ ብሪጁ ደህና ነው፤ እነሱ ከተበላሹ አብሯቸው ይሄዳል።

«አርቴፊሻል ስለሆነ አይበላሽም»

ብሪጅ የሚሠራበት ቁስ፣ ፖርሴሊንም ሆነ ዚርኮኒያ፣ ወርቅም ጭምር፣ አይቦረቦርም። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ከክራውኑ ሥር ያለው ግን የተፈጥሮ ጥርስ ነው፤ እንደማንኛውም ጥርስ ይቦረቦራል። አደገኛው ቦታ ክራውኑ አልቆ ጥርሱ የሚጀምርበት፣ ድዱ አፋፍ ላይ ያለው ቀጭን መስመር ነው። ምግብ እዚያ ተቀምጦ ከሰነበተ ጥርሱ ከጠርዙ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይበላል። ቀደም ሲል የሥር ሕክምና ተደርጎለት ነርቩ የወጣ ጥርስ ከሆነ ደግሞ ሕመም እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ብዙ ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ብሪጁ ከነተሸካሚው ጉማጅ ሲወልቅ ነው።

በአግባቡ የተሠራ ብሪጅ ግን የሚያኮራ ዕድሜ አለው። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የብዙ ዓመታት ክትትሎችን አሰባስቦ የታተመ ግምገማ እንደሚያሳየው፣ በሁለት ወገን ተደግፈው ከተሠሩት ብሪጆች ከ10 ዓመት በኋላ 89 በመቶ ያህሉ አሁንም አፍ ውስጥ ነበሩ። በአንድ ወገን ብቻ ተደግፈው ከተሠሩት ደግሞ 82 በመቶ ያህሉ ቆይተዋል። ከዚያም አልፎ 20 ዓመት የሚያገለግል አለ። ልዩነቱን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱና በባለቤቱ እጅ ያለው ጽዳት ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ ብዙ ጊዜ «በደንብ ይቦረሽ» ተብሎ ብቻ የሚታለፈው እዚህ ጋ ነውና።

ብሩሽ የብሪጁን ፊትና ጀርባ ያጸዳል። ጥሩ መፋቂያም እንዲሁ። ሁለቱም ግን ከሰው ሠራሹ ጥርስ ሆድ ሥር፣ በእሱና በድዱ መካከል ያለው ቦታ አይደርሱም። ተራ የጥርስ ክርም ከላይ ወደ ታች አይገባም፤ ጥርሶቹ ተያይዘዋላ። መግቢያው ከጎን ነው። ለብሪጅ ተብሎ የሚሸጥ ክር አለ፤ ጫፉ ደረቅ ነው፣ መሐሉ ደግሞ እንደ ስፖንጅ ያበጠ። ደረቁን ጫፍ በጉንጭ በኩል፣ በተሸካሚው ጥርስና በመሐለኛው መካከል ድዱ አጠገብ ባለችው ቀዳዳ አስገብቶ በምላስ በኩል መቀበል ነው። ከዚያ ክሩን እየሳቡ ያበጠውን ክፍል ከመሐለኛው ጥርስ ሥር ማድረስ፣ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ፣ ቀጥሎም የአንዱን ተሸካሚ ጎን፣ ከዚያ የሌላውን ጎን ማሸት። ሲጨርሱ ወደ ላይ ሳይጎትቱ በጎን ሳብ አድርጎ ማውጣት። ይህ ክር ካልተገኘ ተራውን ክር በፕላስቲክ መርፌ ሰክቶ ማሳለፍ ይቻላል፤ ቀዳዳው ሰፋ ካለ ደግሞ በጥርስ መሐል የምትገባዋ ትንሽ ብሩሽ ትበቃለች። በቀን አንዴ፣ ማታ። ስቴኪኒ ይህን አይተካም፤ ከጎን ያለውን ፍርፋሪ ያወጣል እንጂ ሥሩን አያጸዳም፤ ሲደጋገምም ድድ ይወጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ደም ቢታይ ድዱ ስለተቆጣ ነው፤ ጽዳቱን መተው አይገባም፤ በሳምንት ውስጥ ካልቆመ ሐኪም ይየው። ብሪጅ ያስገባ ሰው ከክሊኒኩ ሳይወጣ መስታወት ፊት ቆሞ ክሩን ራሱ አሳልፎ ማየት አለበት ባይ ነኝ። ያላሳያችሁ ሐኪም ካለ፣ ዶክተር ያሳዩኝ ማለት ነውር የለውም።

«የጎደለው ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሌላው አይነካም»

ይነካል፤ ያውም በማይመለስ መልኩ። ክራውን ቦታ እንዲያገኝ ተሸካሚው ጥርስ ዙሪያውን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሞረዳል። ከድድ በላይ ከሚታየው የጥርሱ አካል ከግማሽ በላዩ ይሄዳል ማለት ነው። ኢናሜል፣ የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ ደግሞ አንዴ ከሄደ አይበቅልም። ቀድመው ጤነኛ ከነበሩት ተሸካሚዎች ጥቂቶቹ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 10 በመቶ የሚሆኑት፣ ነርቫቸው ሞቶ የሥር ሕክምና ወይም ሌላ ሕክምና ይፈልጋሉ።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ጎረቤቶቹ ጥርሶች ቀድሞውኑ ትልቅ ሙሌት ያለባቸው ወይም የተሸረፉ ከሆኑ ክራውን ራሳቸውም ያስፈልጋቸው ነበር፤ ያኔ ብሪጅ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። ጎረቤቶቹ ምንም ያልነካቸው ከሆኑ ግን፣ በተለይ ሰውየው ወጣት ከሆነ፣ መሞረጃው ከመነሳቱ በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ ኢምፕላንት፣ አጥንት ውስጥ የሚተከለው ሰው ሠራሽ ሥር፣ ይሆናል ወይ? ሜሪላንድ የሚባለው ብሪጅስ? ሜሪላንድ ስሙን ያገኘው ከአሜሪካው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጎረቤቱ ጥርስ ላይ በምላስ በኩል በስሱ ክንፍ የሚጣበቅ ሥራ ነው፤ ሙረዳው ጥቂት ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። በአብዛኛው ለፊት ጥርስ ይሆናል። እድገታቸውን ላልጨረሱ ልጆችም የሚመረጠው እሱ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ሰው የሚመለከት ነገር አለ። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂም ሆነ በዝዋይ አካባቢ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ እየጠጡ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ይሆናል፤ ኢናሜሉ ራሱ ተፈጥሮው ይለወጣል። ችግሩ የጸናበት ጥርስ ላይ የሜሪላንዱ ማጣበቂያ እንደ ሌላው ሰው ጥርስ አጥብቆ ላይዝ ይችላል። ቀለሙም ሌላ ጣጣ ነው። ሐኪሙ ከጥርሳችን አጠገብ እያስጠጋ የሚያመሳስልበት የቀለም መምረጫ ከነጭ እስከ ቢጫማና ግራጫ የሚሄድ ነው፤ ቡናማ ነጥብና ነጭ ሽንትር የለበትም። በመብራት ሳይሆን በቀን ብርሃን ታይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ነጠብጣቡን የላብራቶሪ ባለሙያው በእጁ ካልሣለው አዲሱ ጥርስ ከሩቅ ይለያል።

«ወፍራም ጥርስ ግራና ቀኝ ካለ መሐሉ ሁሉ ይሞላል»

አንድ ጥርስ ለሁለት ማሸከም ቀላል ነው። ሦስትና አራት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ ሁለት ሰው ለአምስት የሚከብድ ቃሬዛ እንደመሸከም ነው። ከ1926 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚጠቀስ አንድ የቆየ መመሪያ፣ የተሸካሚዎቹ ሥር ስፋት ከጠፉት ጥርሶች ሥር ስፋት ማነስ የለበትም ይላል። ዛሬ እንደ ሕግ አይወሰድም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ወሳኙ ከላይ የሚታየው ውፍረት ሳይሆን አጥንት ውስጥ የተቀበረው ሥር ነው፤ እሱ የሚታየው ደግሞ በራጅ ብቻ ነው። ድዱ የሸሸና የሚነቃነቅ ጥርስ ክራውን ቢለብስ አይጸናም። ራጅ ሳያነሳ ብሪጅ የሚጀምር ቦታ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ሂዱ።

«የላይ ጥርስ ከተነካ ዓይን ይጠፋል»

ይህ ፍርሃት ስንቱን ከክሊኒክ አስቀርቶታል! በተለይ ስለ ላይኛው ክራንቻ ይወራል። ከጥርስ ወደ አንጎል ስሜት የሚወስደው ነርቭ በፊታችን በሦስት ቅርንጫፍ የሚሰራጨው ነው፤ አንደኛው ቅርንጫፉ ለግንባርና ለዓይን አካባቢ ቆዳ ስሜት ይሰጣል፤ የላይ ጥርስ ሲያም ሕመሙ ዓይን ድረስ የሚወጣ የሚመስለው ለዚህ ነው። ብርሃንን ለአንጎል የሚያደርሰው የማየት ነርቭ ግን ፍጹም ሌላ ነው። ጥርስ በመነቀሉ ወይም በመሞረዱ አይጎዳም። እንዲያውም ዓይንን ሊያሰጋ የሚችለው ተቃራኒው ነው፦ መግል የያዘ የላይ ጥርስ ሳይታከም ሲቆይ ኢንፌክሽኑ፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ወደ ዓይን አካባቢ ሊዛመት ይችላል። ፊት አብጦ ዓይን መክፈት ካስቸገረ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።

«ኋላ ያለው አይታይም፤ ይቅር» ወይስ «የጎደለ ሁሉ ይተካ»?

ሁለቱም ይባላል፤ ሁለቱም በደፈናው ስሕተት ነው። የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ተነቅሎ ቦታው ባዶ ከቀረ በወራትና በዓመታት ውስጥ የኋላው ጥርስ ወደ ፊት ሊጋደም፣ ከላይ ትይዩ ያለውም ወደ ክፍተቱ ሊወርድ ይችላል። ከአምስት ዓመት በኋላ ብሪጅ ልሥራ ሲባል ተሸካሚው ተጋድሞ፣ ለሰው ሠራሹ ጥርስ የሚሆነው ከፍታ ጠፍቶ ይገኛል። በአንጻሩ የመጨረሻው መንጋጋ፣ የማኘኪያው ዳር ያለው፣ ሲጠፋ ሁልጊዜ መተካት የለበትም። በኔዘርላንድስ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ካይሰር የተባሉ ተመራማሪ ይዘውት የቀረቡት ሐሳብ ዛሬም ይሠራል፦ ፊተኞቹና ቀጥሎ ያሉት ጥርሶች በቂ ሆነው ትይዩ ከገጠሙ ብዙ ሰው ያለ ኋላ መንጋጋ በደህና ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅትም 20 የሚሠሩ ጥርሶችን እንደ ግብ ሲጠቅስ ቆይቷል። የአእምሮ ጥርስማ በነቀላ ከሄደ አይተካም።

ጊዜውም እንዲሁ ይታሰብ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አጥንቱና ድዱ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሟሽሻል። ቋሚው ብሪጅ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ከቆየ በኋላ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ እስከዚያ ጊዜያዊ ጥርስ ይደረጋል። ቶሎ ከተሠራ ድዱ ይሸሽና ከሥሩ ክፍተት ይቀራል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለአጭር እረፍት መጥቶ ነቅሎና ተክቶ በአንድ ሳምንት ልጨርስ የሚል ወገን ይህን ይወቅ። ነቀላው ቀድሞ ያለቀ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀጠሮ ሊበቃ ይችላል፤ ያኔም ራጁንና የተሠራበትን ቁስ ስም ጽፎ ይዞ መመለስ ይጠቅማል።

ፍንጭት ላላቸው አንድ ነገር ልጨምር። ብሪጅ ጥርሶችን ስለሚያያይዝ የፊት ክፍተትን ሊዘጋ ይችላል፤ ስንቱ የተወደደበት ፍንጭት በአንድ ቀን ይጠፋል ማለት ነው። ግን ማዳን ይቻላል፦ ሁለቱን ጥርስ በጀርባ በኩል፣ ምላስ በሚነካው ቦታ፣ በቀጭን የብረት ቅስት አያይዞ ፊቱን ክፍት መተው ይቻላል፤ ኢምፕላንትም ሌላው መንገድ ነው። ይህ የሚታሰበው ልክ ከመወሰዱ በፊት ነውና የድሮ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ።

«ሳይወልቅ ችግር የለም»

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ብሪጅ በአንድ ጫፍ ሲሚንቶው ለቅቆ በሌላው ጫፍ እንደያዘ ሊቆይ ይችላል። አይወድቅም፤ ግን ሲነክሱ ከጠርዙ ምራቅ አረፋ ሠርቶ ይወጣል፣ ሽታ ወይም መጥፎ ጣዕም ይሰማል፣ ቀዝቃዛ ሲጠጡ ያሳምማል። በለቀቀው በኩል ምራቅና ፍርፋሪ እየገባ ተሸካሚውን በወራት ውስጥ ይበላዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማ በቀናት ውስጥ መታየት ይገባል፤ ጥርሱ ገና ደህና ከሆነ አውልቆ አጽድቶ መልሶ ማጣበቅ ይቻላል። ጠቅላላ ወልቆ እጃችሁ ከገባ ደግሞ በሱፐር ግሉ አታጣብቁት፤ በቦታው አይገጥምም፣ ጥርሱንና ድዱንም ይጎዳል። በንጹሕ ዕቃ አድርጋችሁ፣ በዚያ በኩል ቆሎና አጥንት ሳታኝኩ፣ ይዛችሁት ሂዱ።