ፉርጎ አሰላፊው

መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ባለው ቤታችን፣ ከሳሎኑ ጥግ በተዘረጋች ጠረጴዛ ላይ 12 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ሎኮሞቲቭ ቆማለች። ጀርመን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዝቶ፣ በካልሲ ጠቅልሎ ነው ያመጣልኝ። ቀለሟ የደረቀ በርበሬ ይመስላል። የነጂው ክፍል እንደ አውቶቡስ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ አንዱ ጫፍ ጠጋ ብሎ በመስኮት የተከበበ ነው፤ ግራና ቀኝ እግር መረገጫና የእጅ መያዣ አላት። በየጎኗ ያሉት ሦስት መንኮራኩሮች በአንድ ዘንግ ተያይዘዋል። እናቴ አገላብጣ አየቻትና፣ «ይሄ ባቡር እህል አይፈጭ፣ ሰው አይጭን፤ ምን ያደርግልሃል ልጄ?» አለችኝ። በእኛ አገር ወፍጮውም ባቡር፣ የምድሩም ባቡር ነውና ጥያቄዋ አግባብ ነበረው።

እውነተኛውም ቢሆን ሰው አይጭንም። ስሙ ፋው 60 ይባላል፤ የጀርመን ምድር ባቡር ከ1955 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. 942 ያህሉን አሠርቷል። ርዝመቱ 10.45 ሜትር፣ ጉልበቱ 650 የፈረስ ጉልበት ነው። ረጅም መንገድ አይሄድም። ውሎው ጣቢያ ውስጥ ነው፤ የመጣውን ባቡር ይፈታል፣ ፉርጎውን በየመድረሻው ይለያል፣ የሲሚንቶውን ወደዚህ፣ የነዳጁን ወደዚያ ይገፋል፣ ለሚነሣው ባቡር ደግሞ በተራ ያሰልፋል። በባለሙያዎቹ አፍ ሻንቲንግ ሎኮሞቲቭ ነው። እኔ ፉርጎ አሰላፊ ብየዋለሁ። አውቶቡስ ተራ ሄዶ ተራ አስከባሪ ያየ ሰው ሥራውን ለመረዳት አይቸገርም።

እንዲህ ያለ ማሽን ሩቅ አገር ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው ተብሎ በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ ተመርቋል፤ እውነትም ነው። ሆኖም ከቻይና ከመጡለት 41 ሎኮሞቲቮች 35ቱ ኤሌክትሪክ ሲሆኑ 6ቱ የናፍጣ ፉርጎ አሰላፊዎች ናቸው። የኤሌክትሪክ መስመር ናፍጣ ምን ያደርግለታል? ከሀዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ተሸክሟል። ከሥሩ ክሬን አቁሞ ኮንቴይነር ከላይ ማንሣት አይቻልም። ስለዚህ ማራገፊያው፣ መጋዘኑ፣ የነዳጅ ማደያውና ጋራዡ አካባቢ ሽቦው ይቀራል፤ ሽቦው ከቀረ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ሎኮሞቲቭ የቆመ ብረት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለችውን ጥቂት መቶ ሜትር የሚሠራት ናፍጣው ነው። የኤሌክትሪኩ ሥራ ሳያልቅ፣ በ2008ቱ ድርቅ፣ ከጅቡቲ የእርዳታ እህል በአዲሱ ሀዲድ የገባውም በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነበር።

ናፍጣ ሞተር አንድ ጠባይ አለው፤ ቆሞ ጉልበት መስጠት አይችልም። ለዚህ ነው የጭነት መኪና ፍሪሲዮን ያለው። ዳገት ላይ ከባድ ጭነት ይዞ የተነሣ ሾፌር የፍሪሲዮኑን የቃጠሎ ሽታ ያውቀዋል። አሁን ያንን በ500 ቶን አስቡት፤ ያውም በቀን መቶ ጊዜ እየተነሣ የሚቆም። ተራ ፍሪሲዮን ብዙም አይከርም። ስለዚህ ሁለት መላ ተገኘ። አንደኛው ሞተሩ ጄኔሬተር እንዲያዞር፣ ኤሌክትሪኩም መንኮራኩሩን እንዲያዞር ማድረግ ነው። ሁለተኛውና ፋው 60 የሚጠቀምበት ዘይት ነው። ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አቁማችሁ አንዱን ብቻ ብታበሩት ነፋሱ ሌላውንም ቀስ እያለ ያዞረዋል፤ በነፋሱ ፈንታ ዘይት፣ በቬንትሌተሩ ፈንታ የብረት ክንፍ አድርጉት። ብረት ከብረት አይነካካም፤ የሚቃጠል ነገር የለም። ፉርጎዎቹ ቢከብዱም ሞተሩ ሳይጠፋ ዘይቱ እየገፋ ይቆያል፣ በኋላ ይንቀሳቀሳሉ። ማርሹም ሁለት ነው፦ ለማሰለፍ እስከ 30፣ ለመንገድ እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

ከዘይቱ የወጣው ጉልበት በመንኮራኩሮቹ መካከል ወዳለ አንድ ወፍራም ዘንግ ይወርዳል፤ ከውጭ የሚታዩት የብረት ክንዶች ያንን ይዘው ስድስቱን መንኮራኩር በአንድነት ይጎትታሉ። የእኔዋም ክንዶች አሏት፤ ስትሄድ እንደ እውነተኛው ከፍ ዝቅ ይላሉ። ሆዷን ስከፍት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት። ሞተሯ መንኮራኩሩን በጥርስ ያዞራል፤ ክንዱ ዝም ብሎ ይከተላል። ትልቁ ላይ ክንዱ ሠራተኛ ነው፣ ትንሿ ላይ ጌጥ።

ልኩ 1 ለ 87 ነው። ትልቁ የሚሄድበት የሀዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ87 ሲካፈል 16.5 ይመጣል፣ የጠረጴዛዬም ሀዲድ ያው ነው። በልኩ ከሄድን 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ጠረጴዛዬ ላይ በሴኮንድ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ጉንዳን ስትቸኩል ማለት ነው። እንግዳ ሁሉ «ፍጥነቷን ጨምራት» ይለኛል፤ እምቢ እላለሁ። ክብደት ላይ ግን ልኩ ያጭበረብራል። ርዝመቱ ለ87 ሲካፈል ክብደቱ የሚካፈለው ለ87 ሦስት ጊዜ ነው። 48 ቶን የነበረው 73 ግራም ሆኖ ያርፋል፤ ይህ ደግሞ ብዙ ፉርጎ አይስብም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ገላዋን ከከባድ ብረት አቅልጠው አፈሰሱት፤ ከልኩ በላይ ከባድ ናት።

ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። ትልቁ ሲንሸራተት ከመንኮራኩሩ ፊት በቱቦ አሸዋ ያፈስሳል፤ የዛሬዎቹም ሎኮሞቲቮች አሸዋ ይዘው ነው የሚወጡት። ትንሿ ላይ ቱቦው ተቀርጿል፣ ግን ባዶ ነው፤ በምትኩ ሁለቱ መንኮራኩሮች ላይ የጎማ ቀለበት ተገጥሟል። አሸዋ ቢገባባት ጥርሷ ያልቃል። የመቀሌ አቧራ እንኳ ይበቃታል፤ ኤሌክትሪኩን የምታገኘው ከሀዲዱ በመንኮራኩሯ ነውና አቧራው በመሐል ሲገባ ቀጥ ትላለች። በየሳምንቱ ሀዲዱን በአልኮል በነከርኩት ጥጥ እወለውላለሁ፤ ጥጡ ከሰል ሆኖ ይወጣል።

አንድ ነገር ያስቀኛል። መጫወቻ ባቡር በእጅ መቆጣጠሪያ ከሩቅ ሲነዳ ዘመናት አልፈዋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመኖቹ እውነተኛውንም እንዲሁ አደረጉት፤ ነጂው ወርዶ፣ የራዲዮ ሳጥን ሆዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከጎኑ በእግሩ እየሄደ ይነዳዋል። ትልቁ ከትንሿ ተማረ ልንል እንችላለን። የፉርጎ መያያዣውን ግን ገና አልተማረም፤ እዚያ ሠራተኛ በሁለት ፉርጎ መሐል ገብቶ በእጁ ያጠብቃል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲዎቹ ይሻላሉ፤ ሁለት እጅ እንደሚጨባበጥ ሲገጣጠሙ በራሳቸው ይያያዛሉ።

ይህን ሁሉ መቀሌ ላይ ሆኖ ማውራት ትንሽ ያሳዝናል። ከሐራ ገበያ በወልዲያ በኩል ወደ መቀሌ የሚመጣው፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መስመር ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ሥራውን የያዘው የቻይና ኩባንያ ነበር። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ቱርኮቹ ሀዲድ አነጠፉ። የእኛው አፈሩ ተቆርጦ፣ ዋሻው ተፈልፍሎ፣ በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት መጣና ቆመ። ትግራይ አጠገቧ ድረስ ሀዲድ ከዚህ በፊትም መጥቶላት ነበር፤ በ1918 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ተነሥተው ዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው የፖታሽ ሀዲዳቸውን አቆሙት። ግመሎቹ የዳናክልን ጨው ወደ መቀሌ ማምጣታቸውን ቀጠሉ። አንድ ቀን ሀዲዱ እዚህ ሲገባ ቀድሞ የሚታየው ረጅሙ ባለ መስታወት ባቡር አይመስለኝም። ሽቦ ከመዘርጋቱ በፊት ድንጋይና ሀዲድ ተሸክሞ የሚመጣው ናፍጣው ነው።

እስከዚያው እጫወታለሁ። አላን ራይት የተባለ እንግሊዛዊ የፈጠረው ጨዋታ ነው፦ መውጫ የሌላቸው ሦስት የሀዲድ ጉሮሮዎች፣ አንዱ 5 ፉርጎ፣ ሁለቱ 3፣ 3 ይይዛሉ። ስምንት ፉርጎ ይኖራችኋል፤ አምስቱን በዕጣ በወጣው ተራ አሰልፋችሁ ማውጣት ነው። ዕጣውን የቢራ ቆርኪ ላይ ቁጥር ጽፌ ሠራሁት። የሚወጣው ተራ 6,720 ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ አንዳንዱ ሻይ ያቀዘቅዛል። ትናንት ማታ አራቱን አሰልፌ 7 ቁጥሩን ፉርጎ ከጉሮሮው እየጎተትኩ ሳለ መብራት ሄደ። እናቴ ሻማ ይዛ መጣችና፣ «ናፍጣ ነው ስትለኝ አልነበር?» አለች።