ዕድሳት ያመለጣቸው የሆሊውድ ፊልሞች

የሆሊውድ ወርቃማ ዘመን የሚባለው፣ ድምፅ ያለው ፊልም ከተስፋፋበት ከ1920ዎቹ መጨረሻ አንስቶ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ፣ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ተዋናዩን፣ ደራሲውንና ዳይሬክተሩን በረጅም ውል ይዘው ፊልም ያመርቱ የነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ ዘመን ሥራዎች መካከል ቁጥራቸው ቀላል ያልሆኑት ዛሬ በአሜሪካ የሕዝብ የጋራ ሀብት ሆነዋል፤ ይኸውም ማንም ሰው ሳያስፈቅድና ሳይከፍል ሊያያቸው፣ ሊያባዛቸውና በአደባባይ ሊያሳያቸው ይችላል ማለት ነው። ይህ ነጻነት የመጣው ግን በአብዛኛው አንድ የጽሕፈት ቤት ሥራ በመዘንጋቱ ነው።

የ1909ኙ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ፣ ማለትም አንድን ሥራ የማባዛትና የማሳየት ሥልጣን ለባለቤቱ ብቻ የሚሰጠው ሕግ፣ በመጀመሪያ የ28 ዓመት ጥበቃ ይሰጥ ነበር፤ ጥበቃው የሚራዘመው ባለመብቱ በሃያ ስምንተኛው ዓመት ዕድሳት ሲያስመዘግብ ብቻ ነበር። አንዳንድ ኩባንያዎች ሲዘጉ፣ ሌሎቹ ሲሸጡ፣ ያረጀ ፊልምም ገንዘብ አያመጣም ተብሎ ሲታሰብ ብዙ ዕድሳት ሳይመዘገብ ቀረ።

ፍራንክ ካፕራ በ1946 ያዘጋጀው «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ከሁሉ የጎላው ምሳሌ ነው። በወጣበት ጊዜ በገበያ ያልቀናው ይህ ፊልም፣ በ1974 ዕድሳቱ ሳይመዘገብ በመቅረቱ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በየገና ሰሞን ያለ ክፍያ ደጋግመው ያሳዩት ስለጀመሩ የብዙ ቤተሰብ የበዓል ፊልም ለመሆን በቃ። ነጻነቱ ግን አልዘለቀም፤ ፊልሙ የተመሠረተበት አጭር ልብ ወለድ መብቱ ተጠብቆ ስለነበር፣ በ1993 ሪፐብሊክ ፒክቸርስ የተባለው ኩባንያ በዚያና በሙዚቃው መብት ተመርኩዞ ነጻውን ስርጭት አስቁሟል። ስለዚህ አንድ ፊልም ነጻ ነው ከመባሉ በፊት በውስጡ ያሉት ድርሰትና ሙዚቃ፣ እንዲሁም የሚታይበት አገር ሕግ መመርመር ይኖርባቸዋል።

ነጻ ከሆኑት ፊልሞች መካከል ለጀማሪ ተመልካች ከሁሉ አስቀድሞ የሚመከረው በ1940 የተሠራው የሃዋርድ ሆክስ «ሂዝ ገርል ፍራይዴይ» ነው። በመነሻው የመድረክ ተውኔት ወንድ የነበረውን ጋዜጠኛ ሂልዲ ጆንሰንን ሆክስ ሴት አደረጋት፤ አለቃዋ ዋልተር በርንስ ደግሞ የቀድሞ ባሏ ሆነ። ከዚህ አንድ ለውጥ የተነሣ የጋዜጣ ቤቱ ሽኩቻ የፍቅርም ሙግት ሆኖ ቁጭ አለ። ሮዛሊንድ ራስልና ኬሪ ግራንት አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እየቀጠለ የሚወራወሩት ቃል እጅግ ፈጣን በመሆኑ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው በመጀመሪያ ከግርጌ ጽሑፍ ጋር ታሪኩን ተከትሎ፣ በድጋሚ ሲያየው ዓይኑን ከጽሑፉ አንሥቶ የድምፃቸውን ቅብብሎሽና የፊታቸውን ሁኔታ ቢከታተል ደስታው እጥፍ ይሆንለታል። ይህን ያህል ጥበብ ያለበት ሥራ በነጻ መገኘቱ በእርግጥም ትልቅ ዕድል ነው።

ባለቤት ማጣት ግን የራሱ ጉዳት አለው፤ ተከራካሪ የሌለውን ፊልም ማንም ከተቧጨረ ቅጂ እየገለበጠ ይሸጠዋል። ኤድጋር ኡልመር በ1945 በአነስተኛ ገንዘብ የሠራው «ዲቱር» በዚህ በኩል ብዙ ተጎድቷል። «ፊልም ኑዋር» በሚባለው፣ ማለትም ወንጀልንና የዕጣ ፈንታን ጭካኔ በጥላና በጨለማ በሚተርከው የፊልም ዓይነት ከታወቁት አንዱ የሆነው ይህ ሥራ፣ የኒው ዮርክን ጎዳና በጭጋግ ሸፍኖ የመድረኩን ድህነት ወደ ውበት ይለውጣል፤ በደከመ ቅጂ ላይ ግን ያ ጭጋግ የምስል ብልሽት ይመስላል። በ2018 ኦስካርን በሚሸልመው አካዳሚ የፊልም ቤተ መዛግብት ታድሶ ከቀረበ ወዲህ ጥላውና ብርሃኑ ተለይተው ይታያሉ። በመሆኑም ተመልካች መጀመሪያ ያገኘውን ቅጂ ከመክፈት ይልቅ፣ የፊልም ቤተ መዛግብት ያደሱትን ቢፈልግ፣ አንዳንዴም ለታደሰው ቅጂ መክፈል ቢኖርበት እንኳ፣ ፊልሙን ሠሪዎቹ እንዳሰቡት ወደማየት ይቀርባል።