ጂፒኤያችሁ ጥሩ ነው፤ ታዲያ የውጭ አገር የምርምር ኢንተርንሺፕ ለምን ያመልጣችኋል?

ስለ ውጭ አገር ኢንተርንሺፕ ሲነሳ የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ጥያቄ «ጂፒኤ ስንት ይፈልጋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ልክ ነው። ግን ውጤታቸው ጥሩ ሆኖ ጭራሽ ሳያመለክቱ የሚቀሩ አሉ። ማስታወቂያውን የሚያዩት ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ነው፤ በአራት ቀን ደግሞ ከሬጅስትራር ወረቀት አይወጣም።

ስለዚህ ዛሬ አንድ እውነተኛ ፕሮግራም ይዘን ወር በወር እንሂድ።

📌 ፕሮግራሙ

ሰርን በ1954 የተመሠረተ፣ ጄኔቫ አጠገብ የሚገኝ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ነው። ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር የሚዞር መሣሪያ አለው። ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበት ዌብ የተጸነሰውም እዚያው፣ በ1989 ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ሰርን በየክረምቱ ተማሪዎችን ይቀበላል። ኢትዮጵያ አባል አገር ባትሆንም፣ አባል ላልሆኑ አገሮች ተማሪዎች የተለየ የማመልከቻ መስመር አለ። ፊዚክስ ብቻ አይደለም፤ ኢንጂነሪንግ፣ ኮምፒውተር ሳይንስና ሒሳብ የሚማሩም ይገባሉ። ቢያንስ ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምራችሁ መጨረስ አለባችሁ። የጉዞና የኑሮ ድጎማ ይሰጣል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በእኛ ጥር ነው።

📌 መስከረምና ጥቅምት፦ ወረቀት

ትራንስክሪፕት አሁኑኑ ጠይቁ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን መምህርም አሁን አነጋግሩ። ትልቅ ማዕረግ ያለው ግን መልካችሁን የማያስታውስ ፕሮፌሰር ከሚጽፍላችሁ፣ ፕሮጀክታችሁን ያማከረ ወጣት መምህር ቢጽፍ ይሻላል። እሱ የሠራችሁትን በዝርዝር ይናገራል። ሲቪያችሁን፣ የፕሮጀክታችሁን ርዕስና የመጨረሻውን ቀን አንድ ላይ ላኩለት።

ስማችሁ በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕትና በማመልከቻው ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን እዩ። «ጸጋዬ» አንዱ ጋ በ«ቲ»፣ ሌላው ጋ በ«ቲ ኤስ» ከተጀመረ ኋላ ቪዛ ላይ ጣጣ ያመጣል። የልደት ቀናችሁም እንዲሁ፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳይሆን።

📌 ኅዳርና ታኅሣሥ፦ የሚታይ ሥራ

«ግቢያችን ላብ የለም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ያማል። ግን ሰርን ከሙከራዎቹ የተገኘ እውነተኛ ዳታ ከ2014 ጀምሮ ለማንም በነጻ ከፍቷል። «ሰርን ኦፕን ዳታ» ብላችሁ ፈልጉ። ሙዮን የሚባሉ ሁለት ቅንጣቶች የተመዘገቡባቸው ትናንሽ ፋይሎች አሉ። ጉግል ኮላብ ላይ በፓይተን ክፈቱና የሁለቱን ጥምር ግዝፈት አስልታችሁ ግራፍ ሥሩ። ስልክ ላይም ቢሆን ይሠራል፣ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። 3.1 ጂኢቪ አካባቢ ጉብ ያለ ነገር ካያችሁ፣ በ1974 የተገኘውን ጄ-ፕሳይ የሚባል ቅንጣት አገኛችሁ ማለት ነው።

ከዚያ ደብዳቤያችሁ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ» ማለት አያስፈልጋችሁም። «ይህን ዳታ ወስጄ ይህን አገኘሁ፣ እዚህ ጋ ተቸገርኩ» ትላላችሁ። መራጩ የሚፈልገው እሱን ነው።

📌 ጥር፦ ሰዓት

በዚህ ወቅት ጄኔቫ ከእኛ 2 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በእነሱ 10:00 ላይ የዙም ቀጠሮ ከያዛችሁ በእኛ ቀን 6 ሰዓት ነው እንጂ 10 ሰዓት አይደለም። በዚህ ብቻ ቀጠሮ ያልፋል። ማመልከቻውንም በመጨረሻው ሌሊት አትላኩ፤ መብራትና ኔትወርክ የእናንተን ቀን አይጠብቁም።

📌 ካለፋችሁ በኋላ፦ ቪዛ

የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። ፓስፖርታችሁ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና 2 ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ፓስፖርት የሌላችሁ ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ።

⚠️ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ

ሰርን ለማመልከቻ አያስከፍልም። በቴሌግራም «ቦታ ይዘንላችኋል፣ በቴሌብር ላኩ» የሚላችሁ ሰው ካለ ሌባ ነው፣ ዝጉት። የቪዛ ክፍያ የሚከፈለው ለኤምባሲው ወይም እሱ ለወከለው የቪዛ ማዕከል ነው። ማስታወቂያ ስታዩ የተቋሙን ዋና ድረ-ገጽ ራሳችሁ ክፈቱና እዚያ መኖሩን አረጋግጡ።

ሰርን ብቻውን አይደለም። የሳዑዲው ካውስትና የጃፓኑ የኦኪናዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ወጪ የሚሸፍኑ የምርምር ኢንተርንሺፖች አሏቸው። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የምትማሩ እነሱን እዩ። ቀናቸው ይለያያል፣ ዝግጅቱ ግን ያው ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሁሉን አሟልታችሁም ላትመረጡ ትችላላችሁ፤ አመልካቹ ከመላው ዓለም ነው። ግን የተዘጋጀ ትራንስክሪፕት፣ የሚያውቃችሁ መምህርና የሠራችሁት ግራፍ ለሚቀጥለውም ማመልከቻ ያገለግላሉ።

ዛሬ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ለአንድ መምህራችሁ ጻፉ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለ ጓደኛ ካላችሁም ይህን ላኩለት።